ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ይህ ጽሑፍ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን በጽሑፍ ሳሰፍር ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ ቁጣውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መርገጫ ነው። ከመሪው ሥር በግራ በኩል ስለተቀመጠው፣ ሹፌሩ ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጠው ውሎ አንድ ቀን እንኳ ስለማያስታውሰው፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ አልነሣም ያለ ዕለት ግን የእመቤታችንን ስም ስለሚያስጠራው የፍሪሲዮን መርገጫ።

በመጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ጋራዥ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ካወረድኳቸው ካምቢዮዎች (የማርሽ ሳጥኖች) ውስጥ መውረድ ያልነበረባቸው ጥቂት አይደሉም። ወጣት ሳለሁ «ፍሪሲዮን እምቢ አለኝ» የሚል ሹፌር በበሩ ሲገባ፣ ንግግሩን ሳይጨርስ እጄ ክሪክ ፍለጋ ይሄድ ነበር። መኪናው ሥር መግባት፣ ያንን ሁሉ ብረት በደረት ታቅፎ ማውረድ፣ ሸራውን አውጥቶ ለባለቤቱ ማሳየት ትልቅ ሥራ የሠሩ ያስመስላል። ያረጀ መኪና ሸራ ደግሞ መቼም ቢወጣ ትንሽ ተበልቶ መገኘቱ አይቀርም፤ ስለዚህ «ይኸው፣ አልቋል» ለማለት ምክንያት አይጠፋም። ባለቤቱ ያምናል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ያንኑ መርገጫ እየረገጠ ተመልሶ ይመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር፤ ልዩነቱ የፈሰሰው የእኔ ሳይሆን የሰው ገንዘብ መሆኑ ነው።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልበልና ወደ ሥራው እንግባ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ተባረረ፤ ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ ከጋራዥ አልወጣም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ፣ ጎማ፣ ሁሉም የእነሱ ነው። መጽሐፋችሁ «ክላች» ይላል፤ አንድ ነው። እኔ ግን ፍሪሲዮን የሚለውን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ በጣልያንኛ መፋተግ ማለት ስለሆነ ግማሹን ትምህርት ራሱ ያስተምራል። ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ብረት አለ፤ ቮላኖ እንለዋለን። ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የሚሽከረከር፣ ሸራ የምንለው መፋተጊያ አለ። ሸራውን በኃይለኛ ሞላ ቮላኖው ላይ የሚጫን ሳህን አለ። እግራችሁን ካላስገባችሁ ሦስቱ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገራችሁ፤ መርገጫው አያገናኝም፣ ያለያያል። የሚያገናኘው ሞላው ነው። ስለዚህ ሹፌሩ የሚያመጣላችሁ ስሞታ በመጨረሻ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «አይለያይም» ነው፤ ማርሽ ሲያስገባ ይንገጫገጫል፣ ረግጦ ቆሞ ሳለ መኪናው ወደፊት ይስባል። ወይ «አይዝም» ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ሹፌሩ ግን እንዲህ ለይቶ አይነግራችሁም። «ፍሪሲዮኑ አስቸገረኝ» ነው የሚለው። መለየቱ የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ቁጥሮቹን ለማሰብ እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ እንደ መኪናው ይለያያሉ። ሹፌሩ መርገጫውን 15 ሳንቲ ሜትር ይረግጣል። የመርገጫው ክንድ አምስት እጥፍ ነው እንበል፤ እንግዲያው የላይኛው ፖምፓ ዘንግ የሚገፋው 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ፈሳሹ በቧንቧ ወርዶ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይገባል። የታችኛው በስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ የእሱ ዘንግ የሚወጣው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ሹካ የምንለው ማንሻ ይህንን ለሁለት ከፍሎ ኩሽኔታውን፣ ማለትም የሳህኑን ጣቶች የሚጫነውን ተሽከርካሪ ቀለበት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያስኬደዋል። ኩሽኔታው የሚጫናቸው ጣቶች ደግሞ አምስት እጥፍ ያሳንሱታል። በመጨረሻ ሸራውን የሚጫነው ሳህን የሚነሣው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እሷኑም የሸራው ሁለት ፊት ይካፈሏታል፤ ለአንዱ 1፣ ለሌላው 1። 15 ሳንቲ ሜትር ርግጫ ወርዶ ወርዶ የጥፍር ውፍረት ያህል ይሆናል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በመንገድ ላይ ማን እንደሚሰርቅ ለማወቅ ይጠቅማል። መርገጫው ከፖምፓው ዘንግ ጋር የሚያያዝበት ፒን ተበልቶ፣ የገባበትም ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ፣ በጠቅላላው 6 ሚሊ ሜትር ከባከነ፣ ከ30ው ላይ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። ታች ሲደርስ 2 ሚሊ ሜትር የነበረው 1.6 ይሆናል። ሸራው መላቀቅ ያቅተዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ጋራዥ ዞሮ፣ ሁለቱንም ፖምፓ ከነቧንቧው አስቀይሮ የመጣ መኪና ገጠመኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሥሩ ልገባ ስል ረዳቱ መርገጫውን ይዞ ወደ ጎን ሲያወዛውዘው አየሁ። እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። ዳሽቦርዱ ሥር አንገቴን አስገብቼ በባትሪ ስመለከት፣ ክብ መሆን የነበረበት የፒን ቀዳዳ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። ቀዳዳውን በብየዳ ሞልተን እንደገና በስተን፣ ከብረት ቆራጭ ቤት አንድ ፒን አስወጥተን በግማሽ ቀን አለቀ። ሁለቱ ፖምፓዎች ምንም አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ የመጣልኝን መኪና ከላይ ወደ ታች ነው የማየው። እግር ከሚያርፍበት ጀምሬ ፈሳሹን ተከትዬ እወርዳለሁ። ካምቢዮው መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ መጨረሻ ላይ ይቆየኝ።

ገና ቁልፍ ሳላነሣ ሹፌሩን እጠይቃለሁ። ደጋግመህ ስትረግጠው ይሻለዋል? ይህች ጥያቄ ብዙ ድካም ታድናለች። ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ መርገጫው ከፍ ካለና ማርሹ ከገባ ችግሩ ፈሳሹ ዘንድ ነው፤ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ከፖምፓዎቹ አንዱ ያሾልካል። ቢረገጥ ባይረገጥ ለውጥ ከሌለው ግን ብረቱን ጠርጥሩ፤ ፒኑን፣ ሹካውን፣ ጣቶቹን፣ ሸራውን። ቀጥሎ የምጠይቀው ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚለውን ነው። ከዚያም ማን ነካው፣ ምን ጨመራችሁበት እላለሁ። ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መጀመሪያ የሚሰጠውን መልስ አትመኑ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ማርሽ አልገባ ሲል ደግሞ ጥፋቱን ከካምቢዮው ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን አስገቡ። በሰላም ይገባሉ? እንግዲያው አስነሡ፣ ረግጣችሁ አራት አምስት ሴኮንድ ጠብቁ፣ የኋላ ማርሽ ሞክሩ። ሸራው ተላቅቆ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጊዜ ውስጥ የካምቢዮው ዘንግ ቆሞ ነበር። ከጮኸ ዘንጉ አሁንም እየዞረ ነው፤ ሸራው አልተላቀቀም። ካምቢዮው ንጹሕ ነው፣ አትንኩት።

መብራት ላይ ስለሚስበው መኪና ጥቂት ልበል፤ ይህ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ሹፌሩ ቀይ መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይጠብቃል። እግሩን ሳያነሣ መርገጫው ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። መኪናው የፊተኛውን መኪና ለመሳም ይንፏቀቃል። የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ ስታዩ አልጎደለም፤ ከሥርም ጠብታ የለም። ታዲያ የት ሄደ? የትም አልሄደም። የላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ፈሳሹን የሚያግደው ላስቲክ፣ ከንፈሩ ስለተበላ ፈሳሹ በጎኑ አምልጦ ወደ ዕቃው ይመለሳል። በኃይል ቶሎ ሲረገጥ ከንፈሩ ይጣበቅና ይሠራል፤ በለሆሳስ ሲያዝ ያሾልካል። ለዚህ ነው ሹፌሩ «አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ እምቢ ይላል» የሚለው። እየዋሸ አይደለም። ፈሳሹ ከጎደለና ከሥር ካላያችሁት ደግሞ የሹፌሩን ምንጣፍ ዳስሱ። የላይኛው ፖምፓ ሲያፈስ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ነው፤ በዘንጉ ተከትሎ መርገጫው ላይ ይወርዳል። የግራ ጫማው ጫፍ ብቻ የራሰ ሹፌር አይቼ አውቃለሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ታሪክ ልግባ።

አንድ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ነበር። ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጤፋቸውን አራግፈው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ስማ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህች መኪና ዳገት ጠልታለች።»

የዓባይን በረሃ የማታውቁት ካላችሁ፣ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ የወረዳችሁትን ያህል ትወጣላችሁ። ላይ ብርድ ነው፣ ታች ያቃጥላል። የጋሼ መኪና ቁልቁለቱን ደኅና ትወርዳለች። ድልድዩን ተሻግራ ጭነቷን ይዛ ሽቅብ ስትል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ትለግማለች። ሽታው ጋቢና ይገባል። ዳር ይዘው ሲያቀዘቅዟት እንደገና ትነሣለች።

«ሸራ ቀይረዋል ጋሼ?»

«ቀየርኩ እንጂ! ከነኩሽኔታው። ሁለት ምልልስ ሠራችና ያው ተመለሰች።»

«ጠዋትስ እንዴት ናት?»

«ጠዋት? ጠዋት ምንም የላት።»

ልብ በሉ። ሸራ ያለቀበት መኪና ጠዋት አይድንም። ያለቀ ነገር ሌሊት አይበቅልም። ሲቀዘቅዝ የሚሻለውና ሲሞቅ የሚታመመው ምንድን ነው? ፈሳሽ።

መኪናው ገና ትኩስ ነበር። መርገጫውን በእጄ ተጫንኩት። ጤነኛ መርገጫ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ መንገድ ይሄዳል፤ ምንም ሳይገፋ በጣት የሚነቃነቅባት መንገድ፣ እኛ ጨዋታ የምንላት ናት። ይህ ጨዋታ አልነበረውም። ከመነሻው እንደ ግድግዳ ደንድኗል። ጎማውን በታኮ አስይዤ ከሥር ገባሁ። የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ሹካውን በኃይል ተጭኖት ቆሟል፤ ማንም መርገጫውን ሳይነካ። በአውራ ጣቴ ልመልሰው ብሞክር ንቅንቅ አላለም። ሹካው በተገፋ ቁጥር ሞላው ሸራውን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል። ማለትም ጋሼ እግራቸውን አንሥተው ዳገት ሲወጡ፣ መኪናዋ ራሷ ፍሪሲዮኗን በግማሽ ረግጣ ትሄድ ነበር።

የአየር ማስወጫዋን ቡሎን በሩብ ዙር ፈታሁ። ፈሳሹ በአንድ ክንድ ርቀት ተፈናጥሮ ወጣ፤ ሹካውም ቀጭ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥሩ ነው፣ በቧንቧው ውስጥ ግፊት ታፍኖ ነበር። የጋሼ ረዳት መርገጫውን ሲነካው «ላላ!» አለኝ። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው ሲመለሱ መኪናዋ ታጥባ የመጣች ትመስላለች። ሽማግሌው «ጨረስክ?» አሉኝ። ገና መጀመሬ ነበር።

ግፊቱን ያፈነው ማን ነው? ተጠርጣሪው ሁለት ነው። አንደኛው ላስቲኩ ቱቦ ነው፤ ሲያረጅ ከውስጥ ያብጥና ፈሳሹን ወደ ታች አሳልፎ ወደ ላይ አይመልስም። ሁለተኛው የላይኛው ፖምፓ ነው። ሞተሩን አስነሥተን፣ ረዳቱ አርባ ጊዜ ያህል እንዲረግጥ አደረግሁ። ሲደነድን አጠፋን። በዚህ ጊዜ የታችኛውን ሳይሆን፣ ከላይኛው ፖምፓ የሚወጣውን የቧንቧ ዳዶ ላላ አደረግሁት። ጨርቁ ላይ ተፋ፣ ከታች ያለው ሹካም ተመለሰ። ቱቦው ነጻ ወጣ። የታፈነው እላይ ነው።

የፈሳሹን ዕቃ ክዳን ከፈትኩ። ከክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ ተወጥሮ፣ ጠርዙ ተጠማዞ፣ ዝናብ እንደጠጣ እንጉዳይ ሆኗል። ወደ ቦታው ልመልሰው ብል አልገባም አለኝ። የፍሬን ዘይት ላስቲክ አያሳብጥም። ሌላ ዘይት ነው የሚያሳብጥ።

«ምን ጨምራችሁበት ነበር?»

ረዳቱ ፈጠን ብሎ «የፍሬን ዘይት ነው እንጂ ሌላ ምን እንጨምራለን?» አለ።

አልተከራከርኩትም። ከጎናችን ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጣሁ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በአንደኛው ከአዲስ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ሁለት ጠብታ ጨመርኩ። ወደ ታች ሰምጦ፣ ትንሽ ተጥመልምሎ፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚጠፋ ጠፋ። በሁለተኛው በመርፌ ሲሪንጅ ከመኪናው ዕቃ ከላዩ የቀዳሁትን ሁለት ጠብታ ጨመርኩ። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ተዘረጋ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስተ ደመና ሠራ። ሦስታችንም ብርጭቆውን አየነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ይቀላቀላል፤ የማዕድን ዘይት አይቀላቀልም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ረዳቱ ዝም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልለው አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ጨምር ያልኩት» አሉ። «ደጀን ላይ ጎደለብን። ሱቁ የፍሬን ዘይት የለኝም አለ። ከወንበሩ ሥር የመሪ ዘይት ነበረ። ዘይት ሁሉ ዘይት መስሎኝ።»

ልጁ ሰውየውን ሊሸፍን ነበር የዋሸው። እንግዲህ ማን ምን ጨመረ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠውን የመጀመሪያ መልስ አትመኑ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሰው የሚዋሸው ሁልጊዜ ራሱን ለማዳን አይደለም።

አሁን የሆነውን ልግለጽላችሁ። በዚህ ዓይነቱ የላይኛ ፖምፓ ግድግዳ ላይ፣ ከፈሳሹ ዕቃ ሥር፣ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች። እግር ሲነሣና ጎሚኒው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከንፈሩ ይህችን ቀዳዳ ጥቂት አልፎ ይቆማል፤ ቀዳዳዋ ትከፈታለች። ከሞተሩና ከካምቢዮው ሙቀት የተነሣ ቧንቧው ውስጥ የተስፋፋው ፈሳሽ በእሷ በኩል ወደ ዕቃው ይመለሳል። መተንፈሻ ናት በሉ። የመሪው ዘይት ጎሚኒውን ሲያሳብጠው፣ የተነፋው ከንፈር ተመልሶም ቀዳዳዋን እንደሸፈነ ቀረ። ፈሳሹ ይሞቃል፣ ይስፋፋል፣ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ሹካውን ይገፋል። ይባስ ብሎ በእያንዳንዱ ርግጫ መመለሻ ላይ ጎሚኒው ከኋላው ትንሽ ትንሽ ፈሳሽ በከንፈሩ ጎን እያሳለፈ ወደፊት ይጨምራል። የብስክሌት ጎማ እንደመንፋት ነው፤ ይገባል እንጂ አይወጣም። ዳገት ላይ ማርሽ መቀያየር ይበዛል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ሸራው መንሸራተት ሲጀምር ደግሞ ራሱ እሳት ይሆናል። ሌሊት ሲበርድ ፈሳሹ ይሰበሰባል፤ ጠዋት መኪናዋ ምንም የላትም።

ሸራው ሲቀየር ሁለት ምልልስ የሠራችበትም ምሥጢር ይኸው ነው። ካምቢዮውን ለማውረድ የታችኛውን ፖምፓ መፍታት ነበረባቸው፤ ሲመልሱም አየር አስወጡ። የታፈነው ግፊት በዚያው ወጣ። የዳነችው በሸራው ሳይሆን በተፈታችው ቡሎን ነበር። ጎሚኒው ግን እንዳበጠ በቦታው ስለቆየ ግፊቱ እንደገና ተጠራቀመ። ያኛው መካኒክ ውሸታም አልነበረም፤ ያደረገው ነገር መኪናዋን አሽሏታል፣ የትኛው እንዳሻላት ግን አላወቀም። ለእኔ ከውሸቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጎሚኒው ሳያብጥም ይኸው ችግር ሊመጣ ይችላል። የላይኛው ፖምፓ ዘንግ ከመጠን በላይ ረዝሞ ከታሰረ፣ ጎሚኒውን ጥቂት ወደፊት ገፍቶ ቀዳዳዋን ይዘጋል። አንዳንድ ሰው «ጨዋታው በዛ» ብሎ ዘንጉን እስኪጠብቅ ያስረዝማል፤ መርገጫው ከፍ ብሎ ሲያየው ደስ ይለዋል። ከሳምንት በኋላ ሸራ ይቃጠላል። በዘንጉና በፒስተኑ መካከል የግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መቅረት አለበት፤ መርገጫው ላይ የምትሰማዋን ትንሽ ጨዋታ አትቅኑባት።

ጥገናው አጭር ነው፣ ግን ጥርስ ይነክሳል። የማዕድን ዘይት የገባበት ፍሪሲዮን ውስጥ ያለ ላስቲክ ሁሉ ይጣላል፤ የላይኛው ጎሚኒ፣ የታችኛው ጎሚኒ፣ ቱቦው፣ የክዳኑ ላስቲክ። «ይህኛው ደኅና ይመስላል» ብሎ ማስቀረት የለም፤ ዛሬ ደኅና የመሰለው ነገ ያብጣል። ብረቱን ቧንቧ በአልኮል አጥባችሁ በአየር አድርቁት። በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡ፤ ያባረራችሁትን ጠላት በበሩ መልሳችሁ ማስገባት ነው። የፖምፓውን ውስጠኛ ግድግዳ በብርሃን እዩት፤ ዝገት ወይም ጭረት ካለው አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፣ ፖምፓው ይቀየር። በጋሼ መኪና የፍሪሲዮኑ ዕቃ ከፍሬኑ የተለየ ነበር፤ ተመስገን ነው። ለሁለቱም አንድ ዕቃ ያላቸው መኪኖች አሉ። በእነሱ ላይ ይህ ቢደርስ መኪናዋን አንድ ሜትር ሳታንቀሳቅሱ ፍሬኑንም በዚያው ፍቱ፤ የታፈነ ፍሬን ዓባይ በረሃ ውስጥ ሸራ አቃጥሎ ብቻ አይተዋችሁም።

ስለ ፈሳሹ ራሱም ልንገራችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 140 ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። የፈላ ፈሳሽ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ይጨመቃል፣ አይገፋም፤ መርገጫው ወለል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ከመደርደሪያችሁ አውጡት። ቀለም ላይም አታፍስሱ፣ ይልጠዋል፤ ከፈሰሰ በውሃ እጠቡት።

አየር ማስወጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ይሆናል። ግልጽ ቱቦ ቡሎኗ ላይ ሰክታችሁ ጫፉን የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። «ርገጥ!» «ረግጫለሁ!» «ያዝ!» ትፈታላችሁ፣ አረፋው ይወጣል፣ ትዘጋላችሁ። «ልቀቅ!» ቡሎኗ ሳትዘጋ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ከዚያ መሰዳደብ ይመጣል። የላይኛውን ዕቃ በየአራት አምስት ርግጫው ሙሉ፤ አንዴ ከደረቀ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አሮጌ መኪና ላይ አየሩ አልወጣ ካለ፣ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ይዛችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አየሩ ከፒስተኑ ፊት ተደብቆ ነው የሚቀረው።

አንዲት ሠልጣኝ፣ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ መኪና መርገጫው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማርሽ ለምን እምቢ ይላል ብላ ጠየቀችኝ። መልካም ጥያቄ ነው። እርጥበት ገብቶ ሸራው ቮላኖው ላይ በዝገት ተጣብቆ ነው። መርገጫው፣ ፖምፓዎቹ፣ ኩሽኔታው ሁሉም ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሳህኑም ይነሣል፤ ሸራው ግን ከቮላኖው አይለቅም። ለዚህም ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩሉ። ሞተሩን በደንብ አሙቁት፤ ከፊቱ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። ጠፍቶ ሳለ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና በማርሽ እንዳለ አስነሡት፤ መኪናው መሄድ ይጀምራል። ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ይዛችሁ ነዳጅ ሰጥ ለቀቅ አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ጧ ብሎ ይለቃል። ካልለቀቀ ያን ጊዜ ይውረድ፤ አልከለክላችሁም።

ሌላ ጠያቂ የጋሼ መኪና ምን ሆነች አለኝ። እየሠራች ነው። የተቃጠለውን ሸራ ግን መቀየር ነበረብን፤ ስለዚህ ካምቢዮው ሁለተኛ ጊዜ፣ በዚህኛው ግን በምክንያት ወረደ። የሸራውን ዋጋ ሽማግሌው ከረዳቱ ደመወዝ ላይ አልቆረጡም።

ግቢው ውስጥ መርገጫዋ የደነደነ አንድ መኪና አቁመውልናል፤ ምን እንደሆነች እኔም አላየኋትም። እንውጣ። አንድ ሰው ታኮ ይያዝ፣ አንድ ሰው ጋቢና ይግባ፤ ከሻይ ቤቱም ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጡ።